«የእናት ስም» የምትል አንድ ሳጥን

ጎንደር ላይ ለወጣት ፕሮግራመሮች ከተደረገ ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ

እንደምን ዋላችሁ። ከሥራም ከትምህርትም ጊዜ ወስዳችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ተደጋጋሚ ኮድ በእጅ መጻፍ አቁሞ ለኮድ ጄነሬተር፣ ማለት ኮድ ለሚጽፍ ፕሮግራም፣ ስለመተው ነው። እዚህ ጎንደር ውስጥ ሁለትና ሦስት ሆናችሁ ለክሊኒክ፣ ለፋርማሲ፣ ለሆቴልና ለትምህርት ቤት ሲስተም የምትሠሩ ብዙ ናችሁ። ነገሩ ከማንም በላይ እናንተን ይመለከታል ብዬ አምናለሁ።

በቀጥታ ወደ ምሳሌ ልግባ። ለአንድ ክሊኒክ የታካሚ መመዝገቢያ ሠራችሁ እንበል። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ፆታ፣ የትውልድ ቀን፣ ቀበሌ፣ ስልክ አለው። ሥራው አልቋል፣ ሰው እየተጠቀመበት ነው። አንድ ቀን ካርድ ክፍል የምትሠራው እህት ትደውላለች። «ስማቸው እስከ አያት ድረስ አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች አሉብን። የአንዱን ካርድ ለአንዱ እንዳንሰጥ እየፈራን ነው። እባካችሁ የእናት ስም የሚጻፍበት ቦታ ጨምሩልን» ትላለች። ጥያቄዋ ትክክል ነው፣ የሰው ጤና ጉዳይ ነው።

ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። አንድ ሳጥን ናት። ግን የት የት እንደምትነኩ አስቡት። ዳታቤዙ ላይ አንድ ዓምድ ይጨመራል፤ ለእሱ ማይግሬሽን (ዳታቤዙን የሚቀይር ትእዛዝ) ይጻፋል። ባክኤንዱ ላይ፣ ማለት ተጠቃሚው በማያየው የሰርቨር ክፍል ላይ፣ ያለው ሞዴል (ታካሚ ምን ምን መረጃ እንዳለው የሚገልጸው ኮድ) ይነካል። የገባው ጽሑፍ ባዶ እንዳይሆን፣ በጣም እንዳይረዝም የሚያጣራው ኮድ ይነካል። ኤፒአዩ (ፕሮግራሞቹ መረጃ የሚለዋወጡበት በር) የሚቀበለውና የሚመልሰው ነገር ይቀየራል። ዌብሳይቱ ላይ ያለው ፎርም አለ፣ የታካሚዎች ዝርዝር የሚታይበት ሠንጠረዥ አለ። ሞባይል አፕ ካላችሁ እዚያም ያው ፎርምና ያው ሞዴል በሌላ ቋንቋ እንደገና ተጽፏል። ኤክሴል አውጪው ሪፖርት አለ። ቴስት የምትጽፉ ከሆነ ቴስቱም አለ። አንዲት ሳጥን ዘጠኝና አስር ቦታ ታስነካለች። አንዱን ከረሳችሁት ሲስተሙ ላይቆም ይችላል፤ ዝም ብሎ የእናት ስም የሌለበት ሪፖርት ማውጣቱን ይቀጥላል። ይሄኛው ነው የሚያስፈራው።

ብዙ ሰው የኮድ ጄነሬተር ጥቅሙ የመጻፊያ ጊዜ መቆጠብ ነው ይላል። እውነት ነው፣ ይቆጥባል። ለኔ ግን ዋናው ነገር እሱ አይደለም። ዋናው ችግር «ታካሚ የእናት ስም አለው» የሚለው አንድ እውነት አስር ቦታ ተበትኖ መቀመጡ ነው። አስር ቦታ የተቀመጠ እውነት ውሎ አድሮ እርስ በርሱ መጋጨቱ አይቀርም። ጄነሬተር የሚያደርገው እውነቱን አንድ ቦታ ላይ እንድትጽፉት ማስቻል ነው፤ የቀረውን አስሩን ቦታ ማሽኑ ይጽፈዋል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ።

ነገሩ አዲስ ፈጠራም አይደለም። ግሬስ ሆፐር እ.ኤ.አ. በ1952 ኤ-ዜሮ የተባለውን ሥርዓት ስትሠራ ሐሳቧ ይኸው ነበር፤ ሰው በአጭሩ ያዝዛል፣ ዝርዝሩን ማሽኑ ያሰናዳዋል። ፎርትራን እ.ኤ.አ. በ1957 ሲወጣ ሰው በሒሳብ ቀመር መልክ የጻፈውን ማሽኑ ወደ ራሱ ቋንቋ ይለውጠው ጀመር። በ1970ዎቹ ቤል ላብስ ውስጥ ያክ የሚባል መሣሪያ ተሠራ። የአንድን ቋንቋ ሰዋስው ስትሰጡት ያንን ቋንቋ የሚያነብ ፕሮግራም ይጽፍላችኋል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ሩቢ ኦን ሬይልስ ደግሞ በአንድ ትእዛዝ ሞዴሉን፣ ገጹን፣ ፎርሙን፣ ሁሉንም ማውጣት ይችል ስለነበር ዓለምን አነጋገረ። ዛሬ እናንተም ሳታውቁት በየቀኑ ትጠቀሙበታላችሁ። የፕሮግራም መሥሪያዎችን ብናይ፣ ላራቬል ላይ አርቲሳን የተባለውን መሣሪያ «ሞዴል ሥራልኝ» ስትሉት፣ ጃንጎ ላይ ማይግሬሽን ሲወጣላችሁ፣ ፍላተር ላይ መጨረሻው «ጂ ዳርት» የሆነ ፋይል በራሱ ሲፈጠር ያ ሁሉ የኮድ ጄነሬተር ሥራ ነው።

እንግዲህ ያለው ካለ የራሳችንን ለምን እንሠራለን? ዛሬ ላስረዳችሁ የመጣሁት ይህንን ነው።

ከውጭ የመጣው ጄነሬተር የሠሪዎቹን ኑሮ ይዞ ይመጣል። ስም ሲባል የራስ ስምና የቤተሰብ ስም ብሎ ሁለት ሳጥን ያወጣል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ነው ያለን። የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስትወስዱት ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ በአንድ ቤተሰብ ስም ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ቀን ሲባል የፈረንጅ ካላንደር ያወጣል። ሰዓት ሲባል ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራል። ጠዋት 2 ሰዓት ቀጠሮ የተያዘለት ታካሚ ሲስተሙ ላይ ሌሊት 8 ሰዓት ተብሎ ይመዘገባል። ፍለጋ ሲባል የእንግሊዝኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ መሆኑን ያስተካክላል፤ ስለኛ ሀ እና ሐ ግን የሚያውቀው የለም። ይህን ሁሉ በየፕሮጀክቱ በእጅ ስታስተካክሉ ትኖራላችሁ። ቴምፕሌቱን፣ ማለት ጄነሬተሩ ኮዱን የሚያወጣበትን ቅርጽ፣ የራሳችሁ ካደረጋችሁት ግን አንድ ጊዜ አስተካክላችሁ ለሁሉም ፕሮጀክት ትጠቀሙበታላችሁ።

ከእነዚህ ሁለቱን ቀረብ ብለን እንያቸው፤ ሥራው ያለው እዚያ ነው።

የመጀመሪያው ፍለጋ ነው። ታካሚው ባለፈው ዓመት ሲመጣ «ኃይሉ» ተብሎ ተመዝግቧል። ዛሬ የተረኛዋ ልጅ «ሀይሉ» ብላ ትፈልጋለች። ሲስተሙ የለም ይላል። አዲስ ካርድ ይወጣለታል። የድሮ ታሪኩ፣ የመድኃኒት አለርጂው፣ ሁሉም በአሮጌው ካርድ ላይ ቀረ ማለት ነው። መፍትሔው የታወቀ ነው። ስሙን ሰውየው እንደሚጽፈው አድርጋችሁ ታስቀምጣላችሁ፤ ስም የባለቤቱ ነው፣ አትነኩበትም። ከጎኑ ግን ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል፣ ሞክሼ ፊደላት ወደ አንድ የተሰበሰቡበት ሌላ ዓምድ ታስቀምጣላችሁ። ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ።

አምስት ቤት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ሰባት ሆሄ አላቸው፤ 35 ፊደል ማለት ነው። ይህንን ፓይተን ላይ በእጅ ጻፉት። ከዚያ ጃቫስክሪፕት ላይ ድገሙት። ከዚያ ሞባይሉ ላይ በዳርት ድገሙት። ከሦስቱ በአንዱ ላይ «ዑ» ከተዘለለች ማንም አያያትም። ዓይን 35 መስመር ላይ ይሰለቻል።

ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት፣ በዩኒኮድ ውስጥ ደግሞ የኛ ፊደል በጣም ደስ የሚል አቀማመጥ አለው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው የገባው። እያንዳንዱ ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ይዞ በተርታ ተቀምጧል። ሀ ቁጥሯ 4608 ነው፤ ሐ 4624። ልዩነታቸው 16 ነው። ሁ እና ሑ መካከልም 16 ነው፤ ሂ እና ሒ መካከልም 16። ፀ 4928፣ ጸ 4920፤ ልዩነቱ 8 ሆኖ እስከ ሰባተኛው ሆሄ ይቀጥላል። ስለዚህ 35ቱን ፊደል መጻፍ አያስፈልግም። «ሐ ወደ ሀ፣ ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ» የሚል አምስት መስመር ያለው ፋይል ትጽፋላችሁ። አንድ ትንሽ የፓይተን ስክሪፕት ሰባት ሰባቱን ይዘረዝርና የፓይተኑን፣ የጃቫስክሪፕቱንና የዳርቱን ፋይል ያወጣል። ሦስቱም አንድ ዓይነት መሆናቸው በሰው ትጋት ላይ የተንጠለጠለ አይሆንም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይስታል። ቤቱን ብቻ ከቀየራችሁ «ኃይሉ» የሚሆነው «ሃይሉ» ነው፤ «ሀይሉ» አይሆንም። «ዓለም»ም «ኣለም» ይሆናል። ሃ እና ሀ፣ ኣ እና አ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ እነሱንም ወደ አንድ ማምጣት አለባችሁ። ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ ፋይሉ ሰባት መስመር ይሆናል። በእጅ የተጻፈ ሦስት ቅጂ ቢኖራችሁ ኖሮ ይህችን ሁለት መስመር ሦስት ቦታ ትፈልጉ ነበር። አሁን አንድ ቦታ ጨምራችሁ ስክሪፕቱን እንደገና ታስኬዳላችሁ።

ሁለተኛው ቀን ነው። ለሆቴል የሠራችሁ ይህ በደንብ ይገባችኋል። ጥምቀት እዚህ ከተማ ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ አልነግራችሁም። አልጋ የሚያዘው ቀደም ብሎ ነው፣ ዋጋውም በዚያ ሰሞን ይለያል። አንድ ፕሮግራመር ሲስተሙ ውስጥ «ጥምቀት፣ ጃንዋሪ 19» ብሎ ይጽፋል። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። ጥምቀት ግን ሁልጊዜ ጥር 11 ነው እንጂ ሁልጊዜ ጃንዋሪ 19 አይደለም። ጳጉሜ 6 ስትሆን የሚቀጥለው ዓመት መስከረም 1 በአንድ ቀን ይገፋል። ጳጉሜ 2015 ስድስት ቀን ነበረች፤ ስለዚህ ጥር 11 ቀን 2016 የዋለው ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ነው። ጃንዋሪ 19 ብሎ የጻፈ ሆቴል በዚያ ዓመት የከተራን ዕለት የበዓሉ ዕለት አድርጎ ሸጧል ማለት ነው።

መፍትሔው ገለጻ ፋይሉ ላይ፣ ማለት እውነቱን አንድ ጊዜ የምትጽፉበት ፋይል ላይ፣ «ቀን፣ በኢትዮጵያ» የሚል ዓይነት መኖሩ ነው። ይህ ዓይነት የተሰጠው ሳጥን ሁሉ፣ ጄነሬተሩ ሲያወጣው 13 ወር ያለው መምረጫ ይኖረዋል። ጳጉሜ እንደ ዓመቱ 5 ወይም 6 ቀን ይኖራታል፤ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ 6 ናት። ዳታቤዙ ውስጥ በፈረንጅ ይቀመጣል፤ የሚታየው በኛ ነው። ሪፖርቱም 12 ዓምድ ብቻ አይኖረውም፤ የጳጉሜ ገቢ የት እንደሚገባ የሒሳብ ሠራተኛዋ ግራ አትጋባም። እናንተ የምትጽፉት ግን ያችን አንዲት ቃል ብቻ ነው።

አሁን አሠራሩን ልናገር። የኮድ ጄነሬተር ከባድ ነገር ይመስላችሁ ይሆናል፤ አይደለም። ሦስት ነገር ነው። ገለጻ አለ፣ ቴምፕሌት አለ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ስክሪፕት አለ። ገለጻው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

ታካሚ፦
ስም፦ ጽሑፍ፣ ግዴታ፣ ይፈለግበታል
የአባት ስም፦ ጽሑፍ፣ ግዴታ፣ ይፈለግበታል
የአያት ስም፦ ጽሑፍ፣ ግዴታ፣ ይፈለግበታል
የእናት ስም፦ ጽሑፍ
የትውልድ ቀን፦ ቀን በኢትዮጵያ
ስልክ፦ የኢትዮጵያ ስልክ
የምርመራ ውጤት፦ ረጅም ጽሑፍ፣ ሚስጥር

አዎ፣ በአማርኛ። የሚያነበው የናንተው ስክሪፕት ስለሆነ በአማርኛ ብትጽፉት የሚከለክላችሁ የለም። ኮዱ ውስጥ በላቲን የሚጠራበትን ስም ከጎኑ ታክሉበታላችሁ፤ አማርኛው ፎርሙ ላይ የሚታየው ጽሑፍ ይሆናል። ይህን ስታደርጉ ሌላ ጥቅም ታገኛላችሁ፤ ገለጻውን አትማችሁ ለክሊኒኩ ኃላፊ ልትሰጧቸው ትችላላችሁ። ኮድ ባያነቡም ይህን ያነቡታል። «የቀበሌው ነገር የታል?» ይሏችኋል፣ ሥራው ሳይጀመር። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ቴምፕሌቱ ደግሞ የምታውቁት ነገር ነው። ፓይተን ላይ ጂንጃ አለ። ኤችቲኤምኤል ለማውጣት የምትጠቀሙበት ያው ጂንጃ የዳርት ፋይልም፣ የኤስኪውኤል (የዳታቤዝ ቋንቋ) ፋይልም ያወጣል፤ ለእሱ ሁሉም ጽሑፍ ነው። ሦስተኛው ስክሪፕቱ ነው፤ ገለጻውን ያነባል፣ በየቴምፕሌቱ ያሳልፋል፣ ፋይሉን ይጽፋል። የመጀመሪያው ስክሪፕታችሁ አጭር ነው የሚሆነው፤ ኢንተርኔትም አይፈልግም። ኔት በጠፋበት ቀን ላፕቶፑ ላይ ይሠራል።

«ሚስጥር» የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። ይህ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ፣ የሕዝብ ጤና ኮሌጁ ከተከፈተ አንስቶ፣ የጤና ባለሙያ ሲያሠለጥን የኖረ ነው። የጤና ሲስተም የሚሠራ ሰው እዚህ ብዙ ነው። የታካሚ ሚስጥር ቀላል ነገር አይደለም። በእጅ በሚጻፍ ኮድ የምርመራ ውጤቱን ከዝርዝሩ ገጽ ላይ ታወጡት ይሆናል፤ የስህተት መመዝገቢያ ፋይሉ ላይ ግን ሙሉ መረጃው እየተጻፈ ሊሆን ይችላል። ኤክሴሉ ላይም ሊኖር ይችላል። ቴምፕሌቶቹ ሁሉ «ሚስጥር» የሚለውን ቃል የሚያከብሩ ከሆነ ግን አንድ ቃል ጽፋችሁ ውጤቱ ከዝርዝሩም፣ ከመመዝገቢያ ፋይሉም፣ ከኤክሴሉም ይቀራል፤ የሚያየው የተፈቀደለት ብቻ ይሆናል። ለኔ የዚህ ሥራ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። ጥንቃቄን በማስታወስ ላይ ከመጣል አውጥታችሁ አሠራር ውስጥ ታስገቡታላችሁ።

አደጋውንም መናገር አለብኝ። ብሎኬት ሲመረት አይታችኋል፤ ቅርጹ ከተጣመመ የሚወጣው ብሎኬት በሙሉ ጠማማ ነው። ቴምፕሌቱ ላይ የተጠቃሚውን ጽሑፍ ሳያጣራ ቀጥታ ኤስኪውኤል ውስጥ የሚከት መስመር ካለ፣ ያ ለጠላፊ መግቢያ የሚሆን ቀዳዳ በእያንዳንዱ ሠንጠረዥ፣ በእያንዳንዱ ደንበኛ ሲስተም ላይ ይከፈታል። ስለዚህ ቴምፕሌትን ከተራ ኮድ በላይ መርምሩት። ሌላ ሰው ያንብበው። በሌላ በኩል ስህተቱ ሲገኝ አንድ ቦታ አርማችሁ ሁሉንም መልሳችሁ ታወጣላችሁ።

ቴስት ላይም የምለው አለኝ። ቴስቱንም ከዚያው ገለጻ ማውጣት ይቻላል፤ ጥሩ ነው፣ ግን አትመኩበት። ገለጻው ከተሳሳተ ኮዱም ቴስቱም እኩል ይሳሳታሉ፣ ሁለቱም ተስማምተው አረንጓዴ ይበራሉ። አስቸጋሪዎቹን በእጃችሁ ጻፏቸው። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ስትገባ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 መውጣት አለበት። ጥር 11 ቀን 2016 ጃንዋሪ 20 ቀን 2024። «ፀሐይ» ብሎ የተመዘገበን «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ማግኘት አለበት። ለእነዚህ የሰው እጅ ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ የሚጠበቅ አንድ ሕግ አለ። ማሽን የጻፈውን ፋይል በእጅ አትንኩ። በጭራሽ። ደንበኛው ይደውላል፣ ተቻኩላችኋል፣ የወጣውን ፋይል ከፍታችሁ አንድ መስመር ታስተካክላላችሁ፣ ይሠራል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጓደኛችሁ ጄነሬተሩን ያስኬደዋል፣ ማስተካከያችሁ ይጠፋል። ማን እንዳጠፋው እንኳ አይታወቅም። ከዚያ ሰው ጄነሬተሩን ማስኬድ ይፈራል፤ ማንም የማያስኬደው ጄነሬተር ደግሞ ሞቷል። የጎ ቋንቋ ሰዎች ለዚህ የተለመደ ሥርዓት አላቸው፤ በማሽን የተጻፈ ፋይል ራሱ ላይ «በማሽን የተጻፈ ነው፣ አታርሙት» የሚል መስመር ይቀመጣል። እናንተም በአማርኛ አስቀምጡ። የትኛው ገለጻና የትኛው ቴምፕሌት እንዳወጣውም ጻፉበት፤ የሚያርም ሰው የት መሄድ እንዳለበት ይወቅ።

በእጅ የሚጻፈው ኮድ ደግሞ የራሱ ቦታ ይኑረው። ማሽን የጻፈው በአንድ ፎልደር፣ የሰው በሌላ። ለአንድ ክሊኒክ ብቻ የሚሆን ልዩ ነገር ካለ፣ ማሽን የጻፈውን ክላስ ወርሳችሁ በራሳችሁ ፋይል ላይ ጨምሩ። ፋይሉ ላይ የወጣበትን ሰዓትም አትጻፉበት። ገለጻው ካልተቀየረ የሚወጣው ነገር በነጥብ እንኳ መቀየር የለበትም። ያን ጊዜ ጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያው) ላይ የምታዩት ለውጥ እውነተኛ ለውጥ ብቻ ይሆናል። እኔ የወጣውን ኮድም ጊት ውስጥ አስገቡት ባይ ነኝ፤ የማይስማሙ ጥሩ ባለሙያዎች አሉ። እኔ ግን ቴምፕሌቱ ላይ አንድ መስመር ሲቀየር የትኞቹ 40 ፋይሎች ምን እንደሆኑ በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።

መቼ ነው የማይጠቅመው? አንድ ተራ ፈንክሽን ወይም አንድ ሉፕ የሚፈታውን ነገር በጄነሬተር አትፍቱ። የወጣ ኮድም ኮድ ነው፤ ይነበባል፣ ባግ ይገኝበታል። ሁሉ ነገር በአንድ ቋንቋ፣ በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ ካለ ብዙ ጊዜ ጥሩ ፈንክሽን ይበቃል። ጄነሬተር የሚያስፈልገው አንድ እውነት ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር ነው፤ ከዳታቤዝ ወደ ፓይተን፣ ከፓይተን ወደ ዳርት። የስልክ ቁጥር ጥሩ ማሳያ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሥራ ሲጀምር በ07 የሚጀምር ቁጥር መጣ። እስከዚያ ድረስ የሞባይል ቁጥር በ09 ካልጀመረ ስህተት ነው የሚል ማጣሪያ በየፎርሙ፣ በየሞባይል አፑ፣ በየኤፒአዩ ተጽፎ ነበር። «የኢትዮጵያ ስልክ» የሚል አንድ ዓይነት የነበረው ሰው አንድ መስመር ነው የቀየረው።

ከዚህ በኋላ ከአዳራሹ ከተነሱት ጥያቄዎች የተወሰኑትን ከመልሳቸው ጋር አስቀምጣለሁ።

አንድ ወጣት «ጋሼ፣ አሁን እኮ ቻትጂፒቲ አለ። ፎርሙን ጻፍልኝ ስንለው ይጽፋል። ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ?» አለ።

ተጠቀሙበት እንጂ፣ ማን ይከለክላችኋል። ግን ምን እንደምታስጽፉት ምረጡ። ዛሬ የታካሚን ፎርም አስጻፋችሁት፣ ነገ የመድኃኒትን። ሁለቱ አንድ ዓይነት አይሆኑም፤ አንዱ ላይ ቀኑን ያጣራል፣ አንዱ ላይ ይረሳል። ሁለቱንም መስመር በመስመር ማንበብ አለባችሁ። ከዚህ ይልቅ ቴምፕሌቱን እንዲጽፍላችሁ አድርጉት። አንድ ጊዜ በደንብ አንብባችሁ፣ አርማችሁ፣ የራሳችሁ ታደርጉታላችሁ። ከዚያ በኋላ ስክሪፕቱ ያንኑ ሳይለዋውጥ ያወጣል። የተለያየ ሐሳብ ስትፈልጉ ቻትጂፒቲን፣ ያው ነገር ሳይዛነፍ እንዲደገም ስትፈልጉ ጄነሬተሩን።

የመመረቂያ ፕሮጀክት ላይ ያለች እህት «እኛ ገና ተማሪ ነን። በዚህ ከጀመርን ኮድ መጻፍ ሳንችል አንቀርም?» ስትል ጠየቀች።

ስጋትሽ ይገባኛል። የመጀመሪያውን በእጅሽ ጻፊው፣ ከዳታቤዙ እስከ ፎርሙ። ሁለተኛውንም በእጅሽ ጻፊ። ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍተሽ የማይቀየረውንና የሚቀየረውን ለዪ። የማይቀየረው ቴምፕሌትሽ ነው፤ የሚቀየረው ገለጻሽ ነው። ሦስተኛውን ማሽኑ ይጻፈው። ያልጻፍሽውን ነገር ቴምፕሌት ልታደርጊው አትችዪም፤ ጥሩ ቴምፕሌት የሚያወጣ ሰው ያንን ኮድ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ለመመረቂያውም ቢሆን 20 ተመሳሳይ ፎርም ከማቅረብ፣ 20ውን ያወጣውን መሣሪያ አቅርበሽ ለምን እንዲህ እንደሠራሽው ማስረዳት ይሻላል ባይ ነኝ።

መጨረሻ ላይ አንድ ሌላ ወንድም ስለ ርክክብ ጠየቀ። «ሲስተሙን ለደንበኛው ስናስረክብ ጄነሬተሩንም እንሰጣለን? ወይስ የኛ መሣሪያ ነው ብለን እናስቀረዋለን?»

ይህ ውል ላይ አስቀድሞ መጻፍ አለበት። ብዙዎቹ ጠቅላላ ቴምፕሌቶች የናንተ ሀብት ናቸው፤ ለሚቀጥለው ደንበኛም ትሠሩባቸዋላችሁ። ለዚህ ደንበኛ ሥራ የሚያስፈልገውን ያህል ግን፣ ገለጻውን፣ ቴምፕሌቶቹንና ስክሪፕቱን፣ እንዲጠቀሙበት ፈቅዳችሁ ስጧቸው። እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ጨምሩበት። ካልሰጣችሁ፣ ከናንተ በኋላ የሚመጣው ልጅ የወጣውን ኮድ በእጁ ከማረም ሌላ ምርጫ የለውም። ዓመት ሳይሞላው የፓይተኑና የሞባይሉ ኮድ የየራሳቸውን መንገድ ይይዛሉ። ካርድ ክፍል ያለችው እህት አንድ ሳጥን ጨምሩልኝ ስትል፣ እሱ እንደገና አስር ቦታ ሊፈልግ ነው። ስለዚህ ርክክቡ ዕለት አብሯችሁ የሚቀመጥ ሰው ከእነሱ ወገን ጠይቁ። አንድ ሳጥን እሱ ራሱ ገለጻው ላይ ይጨምር፣ ስክሪፕቱን እሱ ያስኪደው፣ ፎርሙ ላይ ስትወጣ ይያት። ከዚያ ፈርሙ።